ቶኒ ጆ ኋይትን ከኋላ በር ገብቼ እንዳገኘሁት

(ከአትላንታ ወጣ ብላ በምትገኘው በክላርክስተን፣ በወርኃዊ የሙዚቃና የመጻሕፍት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ጥቂት ቦታ ላይ ቃላት ከመታረማቸው በቀር እንደተነገረ ነው።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ፣ ያውም በሥራ ቀን ማግስት፣ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዝናቡን የንግግሬ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ባለፈው ወር አስተባባሪያችን ደውሎ ስለ ምን እንደምናገር ሲጠይቀኝ «ስለ ቶኒ ጆ ኋይት» ብለው፣ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እሱ ደግሞ ለየትኛው ወንበር ነው የሚወዳደረው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እስቲ እኔም እናንተን ልጠይቃችሁ። «ሬይኒ ናይት ኢን ጆርጂያ» የሚለውን ዘፈን ሰምታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡልኝ። አያችሁ? አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። እሺ፣ የደራሲውን ስም ከዛሬ በፊት ሰምታችሁ የምታውቁስ? ሁለት እጅ ብቻ አያለሁ፤ አንደኛው የልጄ ነው፣ እሱ አይቆጠርም።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው በሁለቱ እጅ ማውጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዘፈኑ ይታወቃል፤ ባለቤቱ አይታወቅም። ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ፤ በመጀመሪያ ሰውዬው ማን እንደነበረ፣ ቀጥሎ ዘፈኖቹ እየገነኑ እርሱ እንዴት ከኋላቸው እንደቀረ፣ በመጨረሻም ከሞተ በኋላ እንደገና የተቀናበሩ ሥራዎቹ እንዴት ወደ ዋናው ሰው እንደመለሱኝ። በመካከሉ ስለ እንዶድ አወራለሁና አትደናገጡ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ልጀምር። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሜዳ ላይ ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ከስልክ ዳስ ብዙም የማትበልጥ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እስኪነጋ እቀመጣለሁ፤ ማሞቂያዋ የምታሞቀው የግራ እግሬን ብቻ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ አንቴናው በሽቦ የታሰረ ትንሽ ሬዲዮ ትቶልኝ ሄዷል። አንድ ሌሊት ሒሳብ 12 ዶላር ጎደለብህ፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል ተባልኩ። ገንዘቡን እንዳልነካሁት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የምከራከርበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሳለ ከሬዲዮው አንድ ወፍራም፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ መጣ። የገቡኝ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ዝናብ፣ ሌሊት፣ ጆርጂያ። ዙሪያዬን ብመለከት ሦስቱም አሉ። ይህ ሰው እኔን አይቶኛል እንዴ? ብዬ እንደተደነቅሁ አስታውሳለሁ።

ድምፁ የብሩክ ቤንተን እንደነበር ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታትም ዘፈኑን የደረሰው ቤንተን ነው ብዬ አምን ነበር፤ ስሕተት ነበር።

አሁን ወደ ሰውዬው እንሂድ። ቶኒ ጆ ኋይት በ1943 በሰሜን ምሥራቅ ሉዊዚያና፣ ኦክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነው፤ ያደገውም ጥጥ ከሚያመርት ገበሬ ቤት ነው። አካባቢው ሜዳው ጥጥ፣ ቆላው ረግረግ፣ ውኃው ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም ጨርሶ የማይሄድ አገር ነው። ታላቅ ወንድሙ አንድ ቀን የብሉዝ ተጫዋቹን የላይትኒን ሆፕኪንስን ሸክላ ይዞ ቤት ገባ፤ ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታር ከእጁ አልወጣም። ሆፕኪንስ በአንድ ጊታር፣ በአንድ ድምፅና በእግሩ ምት ብቻ ሙሉ ቤት የሚሞላ ሰው ነበርና፣ የኋይት አጨዋወትም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከዚህ አልራቀም። በስተርጅና ዘመኑ እንኳ ዓለምን ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው አንድ ከበሮ መቺ ብቻ ነበር።

«ስዋምፕ ሮክ»፣ የረግረግ ሮክ፣ የሚባለውን ስልት በቃላት መግለጽ ያስቸግራል። የብሉዝ መሠረት አለው፣ የገጠር ዘፈን ትረካ አለው፣ ምቱ ደግሞ በጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ወደ ኋላ ሳብ ይላል። የሚገርመው፣ በዓለም ዙሪያ ስልቱን ያስተዋወቀው ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የተባለው ቡድን ከካሊፎርኒያ ነበር፤ ስለ ባዩ፣ ማለትም ስለ ሉዊዚያና ረግረጋማ ወንዝ፣ የዘፈኑት ልጆች ባዩ ዳር አላደጉም። ኋይት ግን አድጓል። ይህን የምለው ክሪደንስን ለማሳነስ አይደለም፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ስለ ጭቃ በሚዘፍን ሰውና ጭቃው ጫማው ላይ ባለ ሰው መካከል ልዩነት አለ።

ወጣት ሳለ ወደ እኛው ጆርጂያ መጣ። ማሪዬታ፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከዚህ አዳራሽ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ለአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። አዎ፣ ገልባጭ! እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ስንቶቻችሁ በዚያው መንገድ ላይ ትራክ ትነዳላችሁ? ራሱ በየቃለ ምልልሱ እንደሚያወራው፣ ማታ ዝናብ ከጣለ በማግሥቱ ሥራ እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጊታሩን ይጫወታል። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሣቅሁ። እኔ በቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ ሆኜ ያለቀስኩበት ዝናብ ለእርሱ የዕረፍት ቀን ነበር! ዘፈኑ ግን የሚተርከው ሻንጣውን ይዞ መጠለያ ስለሚፈልግ ብቸኛ መንገደኛ ነው፤ እንግዲህ ከዕረፍት ቀን ይህን ያህል ኀዘን እንዴት እንደወጣ የሚያውቀው ደራሲው ብቻ ነው።

ከጆርጂያ ወደ ቴክሳስ ሄዶ በየምሽት ክበቡ የሌሎችን ዘፈን ይጫወት ጀመር። በ1967 የቦቢ ጄንትሪን «ኦድ ቱ ቢሊ ጆ» በሬዲዮ ሰማ። ዘፈኑ የገጠር ቤተሰብ ምሳ ላይ ተቀምጦ ስለ አንድ ወጣት ሞት እያወራ ወጥ የሚቀባበልበት ታሪክ ነው። ኋይት በዚያ ዘፈን ውስጥ የገዛ ሰፈሩን አየ። እኔም የማውቀውን ልጻፍ አለ። የሚያውቀው ምን ነበር? ዝናቡንና የጓሮ ቅጠሉን። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱን ትልልቅ ዘፈኖቹን ጻፈ፤ አንደኛው «ሬይኒ ናይት ኢን ጆርጂያ»፣ ሁለተኛው «ፖክ ሳላድ አኒ»።

ስለ ቅጠሉ ቆም ብዬ ላውራ፤ ቃል የገባሁላችሁ እንዶድ እዚህ ነው የሚመጣው።

ፖክ በዚህ አገር ደቡባዊ ግዛቶች በየአጥሩና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅል አረም ነው። ግንዱ ቀይ፣ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ ጥቁር ሐምራዊ ነው። መርዛማ ነው። ድሃ ቤተሰብ ግን በጸደይ ለጋውን ቅጠል ይቀነጥባል፣ ይቀቅለዋል፣ ውኃውን ይደፋል፣ እንደገና ይቀቅለዋል፣ እንደገና ይደፋል፣ ከዚያ በአሳማ ስብ ጠብሶ ይበላዋል። ስሙ ሰላጣ ቢመስልም ጥሬውን የበላ ሰው ሆስፒታል ነው የሚገባው። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው አኒ እናቷ በሰንሰለት ታስረው ከሚሠሩ እስረኞች መካከል ናት፣ አባቷ ወገቤን እያለ የሚተኛ ሰነፍ ነው፣ ወንድሞቿ ሐብሐብ ይሰርቃሉ፣ አያቷን አዞ በልቷታል፤ ልጅቷ ግን ማታ ማታ ከረጢቷን ይዛ ቅጠል ትለቅማለች፤ ቤተሰቡ የሚያድረው በእርሷ ነው።

ከአፓርታማዬ ኋላ፣ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ፣ ይህ ተክል በየክረምቱ ይበቅላል። ለዓመታት ሳየው የሆነ ነገር ያስታውሰኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። አንድ ቀን አገር ቤት በግብርና የሠራ ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ መኪናውን ሲያቆም አየውና «እንዴ፣ ይኼ የእንዶድ ዘመድ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዶድና ፖክ በሳይንሱ አንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ፋይቶላካ ይባላሉ። ወዲያው ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ደረስኩ። እናቴ የተወቀጠ እንዶድ ድንጋይ ላይ አድርጋ ጋቢ ስትረግጥ፣ አረፋው በእግሯ ጣቶች መካከል ሲወጣ፣ እኔ ደግሞ ያንን ውኃ እንዳልነካ ስትቆጣኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል የደረሱበትም በዚሁ ተክል ነው። አንዱ ወገን ልብስ አጠበበት፤ ሌላው ወገን ቀቅሎ በላው፣ ዘፈንም አወጣለት። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ፖክ ሳላድ አኒ» ለእኔ የሩቅ አገር ዘፈን መሆኑ ቀረ።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። «ፖክ ሳላድ አኒ» በ1968 ሲወጣ አገር ቤቱ ጆሮ አልሰጠውም ነበር፤ በዚያው ዓመት «ሶል ፍራንሲስኮ» የተባለውን ዘፈኑን አስቀድመው የወደዱለት ፈረንሳዮች ናቸው። «አኒ» ከወጣ ከወራት በኋላ፣ በ1969 በጋ፣ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 8ኛ ሆነ። በገዛ ድምፁ ወደ መጀመሪያዎቹ 40 የገባ ሌላ ዘፈን ከዚያ በኋላ አልነበረውም። የሌሎች ድምፅ ግን ዘፈኖቹን ይዞ በረረ። በ1970 ቤንተን «ሬይኒ ናይት»ን ዘፍኖ 4ኛ አደረሰው። በዚያው ዓመት ኤልቪስ ፕሪስሊ «አኒ»ን በላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ዘፈናት፤ ከዚያ ወዲህ እየዘለለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የመድረኩ ጌጥ አደረጋት። ዛሬ ብዙ ሰው የኤልቪስ ናት ብሎ ያምናል። በ1989 ደግሞ ቲና ተርነር «ፎረን አፌር» በተባለው አልበሟ አራት ዘፈኖቹን ወሰደች፤ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈንም የእርሱ ነው። እርሱ እንደሚተርከው፣ ለቀረጻው ስቱዲዮ ሲገባ ቲና አይታው ሣቋን ማቆም አቃታት፤ ድምፁን በካሴት ሰምታ ጥቁር ሰው ይመጣል ብላ ነበር የጠበቀችው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቤንተን ምን አደረገ? ድምፁን በራሱ ድምፅ ተካው። ኤልቪስ ምን አደረገ? ተካው። ቲና? እርሷም ተካችው። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሕጉም ሥርዓቱም የሚፈቅደው ነው፣ የደራሲነት ክፍያውም ቤተሰብ አስተዳድሮበታል። አሪፍ ማርዲን የተባለው አቀናባሪ ያቀናበረው የቤንተን ሥራ ደግሞ ከዋናው ይበልጣል የሚል ሰው ቢመጣ አልጣላውም፤ ኦርጋኑ ሲገባ እኔም አሁን ድረስ ጠጉሬ ይቆማል። ነገር ግን ዘፈኑ በተዘፈነ ቁጥር ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ዘፈኑ ሲቀርብ እርሱ ይርቃል፤ ዘፈኑ ሲቀርብ እርሱ ይርቃል።

ሦስተኛው ነገር፣ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ፣ ከዚህ የተለየ ዓይነት ዳግም ቅንብር ነው። ኋይት በጥቅምት 2018፣ በ75 ዓመቱ፣ ቴነሲ ውስጥ ሊፐርስ ፎርክ በሚገኘው ቤቱ በልብ ሕመም ዐረፈ። ልጁ ጆዲ ኋይት አባቱ ቤት ውስጥ የቀረጻቸውን የቆዩ የድምፅ መቅረጫ ክሮች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ ያልታተሙ ዘፈኖች አገኘ። በክሮቹ ላይ ያለው ድምፅና ጊታር ብቻ ነው። ዘ ብላክ ኪስ ከተባለው ቡድን የምናውቀው ዳን አወርባክ ኋይትን በሕይወት ሳለ ስቱዲዮው ለማምጣት ለዓመታት ሲወተውት የኖረ ሰው ነበርና፣ ጆዲ ክሮቹን ለእርሱ ሰጠ። በ2021 ዘጠኝ ዘፈኖች ያሉት «ስሞክ ፍሮም ዘ ቺምኒ» ወጣ።

አወርባክ ያደረገውን በቅርበት እንየው። ድምፁን አልተካም። የሟቹን ድምፅና ጊታር መሐል ላይ አስቀመጠ፣ ሰዎችን በዙሪያው ሰበሰበ። እነማንን? ፒያኖ ላይ ቦቢ ዉድ፣ ከበሮ ላይ ጂን ክሪስማን፤ ሁለቱም በ1969 ሜምፊስ ውስጥ ከኤልቪስ ጋር የቀረጹ አንጋፎች ናቸው። ከጎናቸው ደግሞ በ1996 የተወለደውን ጊታሪስት ማርከስ ኪንግን አቆመ። እስቲ እንደ ከበሮ መቺው ሆናችሁ አስቡት። ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ የሚጫወት ሰው ሜትሮኖም፣ ማለትም ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ አያበራም፤ ደስ ሲለው ያፈጥናል፣ ቃሉ ሲከብደው ያዘገያል። ሕያው ሰው ቢሆን ዓይኑን አይታችሁ ትከተሉታላችሁ። የሞተን ሰው በምን ትከተሉታላችሁ? በትንፋሹ ብቻ። አልበሙን በጥሩ ማዳመጫ ስትሰሙት፣ ከበሮው ብዙ ቦታ ከድምፁ በጣት ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ አዛውንት መንገድ ሲያቋርጥ ክንዱን እንደሚይዝ ልጅ፣ ሲከተለው ትሰማላችሁ። ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ የሚተርከው «ባባ ጆንስ» ላይ ባንዱ ሙሉ ቢሆንም፣ ሰውዬው ከአጠገባችሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል።

ይህ አልበም በአጋጣሚ እጄ ገባ። ልጄ፣ ያ ቅድም እጁን ያወጣው፣ የብላክ ኪስ ወዳጅ ነው፤ መኪና ውስጥ ከፍቶት ሳለ ድምፁን ስሰማ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያንተን ዝናብ የጻፈው ሰውዬ እኮ ነው» አለኝ። መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ያን ያህል ዓመት የወደድኩትን ዘፈን ባለቤት ያስተዋወቀኝ በ21ኛው ክፍለ ዘመን የተቀናበረ ሥራ ነው፤ በፊት ለፊት በር ሳይሆን በጓሮ በር ነው የገባሁት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። ልጁ ጆዲ በ2008 የአባቱን የጥንት ዘፈኖች በዘመናዊ ምት ያደሰበትን «ዲፕ ከትስ»ን ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ አንዳንድ ቦታ የማሽኑ ምት በዝቶብኛል። የበለጠ ወደ ኋላ ስሄድ በ1969 የወጡትን አልበሞች አገኘሁ። እዚያ ውስጥ «ዊሊ ኤንድ ላውራ ሜይ ጆንስ» አለ፤ አብረው ጥጥ ያመርቱ ስለነበሩ ጥቁር ጎረቤቶች የሚተርክ ዘፈን ነው። መለያየት ሕግ ሆኖ በኖረበት አገር ያደገ ነጭ ወጣት ያንን በ1960ዎቹ መዝፈኑን ስታስቡ ሰውዬውን በሌላ ዓይን ታያላችሁ።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሳለ በ1985 የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና መታተሙን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ታክሲ፣ አንዱ ገልባጭ! ልዩነታቸው ግን ከባድ ነው፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ ጭብጨባውን በጆሮው ሰምቷል፣ ኋይት ግን የ2021ዱን ቅንብር አልሰማም፣ ይሁንም አይሁንም አላለም።

ታዲያ ተገቢ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ልሸሽ አልፈልግም። ኋይት በሞተበት ዓመት፣ ከመሞቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ «ባድ ማውዚን» የተባለውን የመጨረሻ አልበሙን አውጥቶ ነበር። በቤቱ ያለውን የፈረስ ጋጣ ስቱዲዮ አድርጎ ቀረጸው፤ አብዛኛው ባዶ ነው፣ ጊታር፣ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ከበሮ። የልጅነት መምህሩ የሆፕኪንስ ዘፈንም አለበት። ስለዚህ ምርጫውን ነግሮናል ማለት ይቻላል፤ በስተመጨረሻ የፈለገው ባዶውን ነው። የልጅ ፈቃድ የአባት ፈቃድ አይደለም የሚል ሰው ቢነሣ ክርክሩ ይገባኛል። እኔን የረታኝ ግን አንድ ነገር ነው። በ2021ዱ አልበም ላይ ከመስመር በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ቀናባሪዎች እንዲህ ያለውን ድምፅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያጠፉታል፤ እዚህ ግን ትተውታል። ትንፋሹን የተወ ቀናባሪ ሰውዬውን ሊሸፍነው አልፈለገም ብዬ ፈረድኩ። እናንተ ሌላ ብትፈርዱ ከንግግሩ በኋላ ቡና ላይ እንነጋገራለን።

ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ብዙ አላቆያችሁም። ያመጣሁት አንድ ዘፈን በሁለት ድምፅ ነው። መጀመሪያ የምታውቁትን የቤንተንን «ሬይኒ ናይት» እናሰማለን፤ ከዚያ ሳንነጋገር፣ ሳናጨበጭብ፣ ራሱ ቶኒ ጆ ኋይት በ1969 የዘፈነውን። ቤንተን የዘፈነው ሰው እያየው እንደሆነ አውቆ ነው፤ ሁለተኛውን ስትሰሙ ሥራ የሌለው የነገ ጠዋት፣ የቆመ ገልባጭና በመስኮት የሚታይ የማሪዬታ መንገድ አስቡ። እባክህ ወንድሜ፣ መብራቱን ቀነስ አድርግልን። ያንን የኋላውን በርም ክፈቱት፤ ዝናቡ ይግባ።